መምሰልና ማታለል

አንድ ነገር ሌላውን መስሎ ቢታይ ውሸት ነውን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እጁን ለጥበብ የሰጠ ሰው ሁሉ፥ ሠዓሊም ቢሆን ጠራቢ፥ አናጢም ቢሆን ግንበኛ፥ በሥራው ዘመን አንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ጋራ ሳይገናኝ አይቀርም። እኔን ያገኘኝ በወሎ ምድር፥ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው፤ ሲያገኘኝም በደለኛ ሆኜ አገኘኝ። ስለዚህ ለወጣት አንባቢዎቼ ምክር ከመስጠቴ አስቀድሜ ጥፋቴን እናገራለሁ። የራሱን ጥፋት ደብቆ ሌላውን የሚመክር ሰው፥ በተዛባ ሚዛን እየመዘነ ስለ ትክክለኛ ሚዛን ከሚሰብክ ነጋዴ አይለይም።

መተዳደሪያዬ ቅርጽና ጽሑፍ መቅረጽ ነው። የሱቅና የሆቴል ታፔላ፥ ለቴአትርና ለበዓል የሚሆን ጌጥ፥ የመታሰቢያ ጽሑፍም እሠራለሁ። ሥራውን የጀመርሁት በዋንዛ እንጨት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ፖሊዩሬቴን የሚባል ሰሌዳ በእጄ ገባ። ነገሩ በስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ የምንተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ፥ በፍሪጅም ግድግዳ ውስጥ ቅዝቃዜውን እንዲይዝ የሚሞላው ቢጫ ነገር የዚሁ ዘር ናቸው። ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኘው ነው። ሁለት ፈሳሾች ይደባለቃሉ፤ ሲዋሐዱም ጋዝ በውስጣቸው አረፋ እየሠራ እንደ ሊጥ ኩፍ ያደርጋቸዋል፤ ቆይቶም ይጠጥራል። ቅመሙ እንደ ተለወጠ መጠን አንዱ ለስላሳ ፍራሽ፥ ሌላው ጽኑ ሰሌዳ ይሆናል።

ይህ ጽኑ ሰሌዳ ለቀራጭ ታላቅ ደስታ ነው። እንጨት የራሱ ጅማት ስላለው፥ መሮህን አንተ ወደ ፈለግኸው ሳይሆን እርሱ ወደ ፈለገው ይወስድብሃል፤ ከጉጥ ላይ ሲደርስም ይሰነጠቃል። ይህ ሰሌዳ ግን ጅማትም ጉጥም የለውም፤ በየትም አቅጣጫ ቢቀርጹት እሺ ይላል። አረፋዎቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ ስለ ሆኑ ዝናም አይሰርግበትም፤ ምስጥም አይበላውም። ለታፔላ የሚሆነው ዓይነት አንዱ ሜትር ኩብ ከ240 እስከ 290 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይኸው መጠን ያለው ውሃ 1000 ኪሎ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ቢሆን ደግሞ ወደ 2800 ኪሎ ይጠጋል። አሸዋ ከተቀላቀለበት ቀለም ጋራ ሲገናኝ ድንጋይ ይመስላል፤ በቡናማ ቀለም ሥር ተስሎ ሲወጣ እንጨት ይመስላል፤ ወርቅ ቅብ ሲለብስም ወርቅ ይመስላል። የእኔም ፈተና የተነሣው ከዚሁ ነው።

በአንድ የበጋ ወራት፥ ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር አንድ አዛውንት እኔ ወደምሠራበት ወደ ደሴ መጡ። መምህር የነበረው የበኵር ልጃቸው በሕመም ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ልጁ በሕይወቱ ሳለ፥ ማታ ማታ ከሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ዋርካ ሥር ተቀምጦ ማንበብ ይወድ ነበርና፥ በዚያች ዋርካ ሥር ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ እንዲቆምለት ፈለጉ። «ከባድ ይሁን፥ ልጄ» አሉኝ። «ጎርፍ የማይወስደው፥ እረኛም የማያነሣው ይሁን። እኔ ነገ እሞታለሁ፤ እርሱ ግን ይቆይልኝ።» እኔም እሺ ብዬ የድንጋይ ዋጋ ተቀበልሁ።

በዚያን ጊዜ የቤት ኪራይ ተጠራቅሞብኝ ነበር። ድንጋዩን ገዝቶ፥ አስጠርቦ፥ ጽሑፉን መቅረጽ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ነው። በሥራ ቤቴ ጥግ ደግሞ ከሌላ ሥራ የተረፈ የዩሬቴን ሰሌዳ ተቀምጧል። ሕሊናዬ ጥቂት ተከራከረኝ፤ እኔ ግን መልስ አላጣሁለትም። «ዝናም አያበሰብሰው፥ ምስጥ አይበላው፤ ታዲያ ሽማግሌውን ምን ጎዳኋቸው?» አልሁት። በሦስት ቀን ውስጥ ቀረጽሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት፤ አሸዋና ቀለም አለበስሁት። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያማረ ነበር። ርዝመቱ 1 ሜትር፥ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ድንጋይ ቢሆን 84 ኪሎ ያህል በመዘነ ነበር፤ የእኔው ግን 8 ኪሎ አይሞላም።

እንግዲህ ችግሩ ከመኪና ሲወርድ መጣ። ከመንገዱ እስከ ዋርካዋ ድረስ በእግር የሚኬድ ነውና፥ ገና ልጅ የሆነውን ረዳቴን ወደ ጎን ጠርቼ፥ «እንደ ከበደን ሆነን እንሸከመው» አልሁት። እርሱም ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያም ወገባችንን አጉብጠን፥ እያቃሰትን፥ በየመንገዱም እያረፍን ተሸከምነው። አዛውንቱ ከኋላችን እየተከተሉ፥ «አብሽሩ፥ ልጆቼ! ደከማችሁ፤ ትንሽ ዕረፉ» ይሉን ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣም። አፌ ዝም ብሎ ነበር፤ ወገቤ ግን ይዋሽ ነበር።

ሐውልቱን አቁመን ስናስተካክል፥ ለሽብልቅ ይሆነኛል ብዬ ያመጣሁትን፥ ከዚያው ሰሌዳ የተቆረጠና አንድ ፊቱ ቀለም የተቀባ ቁራጭ የሟቹ ልጅ አነሣው። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ልጆች በውሃ ዳር ሲቆሙ ድንጋይ መወርወር ልማዳቸው ነውና፥ ወደ ሐይቁ ወረወረው። ቁራጩ ሰጠመና ተመልሶ ብቅ አለ፤ ብቅ ብሎም በማዕበሉ ላይ ይወዛወዝ ጀመር። ሕፃኑ በደስታ ዘለለ። «አባባ! አባባ! ድንጋዩ ይዋኛል!» ብሎ ጮኸ።

አዛውንቱ ወደ ውሃው ተመለከቱ። ቀጥሎም ወደ ሐውልቱ ቀርበው በዘንጋቸው ጫፍ መቱት። ድንጋይ ሲመታ ይጮኻል፤ ይህ ግን ድምፁን ዋጠው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቁጣቸውን ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም። «ልጄ፥ ነገሩ ቀላል መሆኑ አይደለም ያሳዘነኝ» አሉኝ። «ስታቃስቱ ሳይ አዘንሁላችሁ። ሐዘኔንም ወሰድህብኝ።» እኔም መሬት መሬት እያየሁ ሁሉን ነገርኋቸው።

እሳቸውም ቁጭ ብለው፥ «እንግዲህ ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ አስረዳኝ» አሉ። አስረዳኋቸው። ዝናምና ምስጥ እንደማይጎዳው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ግን የፀሐይ ብርሃን ገጹን ወደ ዱቄትነት እንደሚለውጠው፤ ስለዚህ በየጊዜው መቀባት እንደሚያሻው፤ ጠርዙ በድንጋይ ቢመታ እንደሚጎደጉድ፤ ምስማር አጥብቆ እንደማይዝ፤ ቢቃጠልም ጢሱ መርዝ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ቀጥሎም በሌላ አገር ለምን ለምን እንደሚሠሩበት ጠየቁኝ። ብረት አቅላጮች የሚያፈስሱትን ዕቃ ቅርጽ አስቀድመው በዚህ ሠርተው በአሸዋ ውስጥ እንደሚያትሙት፤ ማሽን ውድ ብረት ከመቁረጡ በፊት በዚህ እንደሚሞከር፤ እርሱ ለእውነተኛው ዕቃ አርአያ ሆኖ ሥራው እንደሚያበቃ ገለጽሁላቸው። በዚህ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «መልካም አገልጋይ ኖሯል። አንተ ነህ ጌታ አድርገህ ያቆምኸው። ይህን ለጠራቢ አሳየውና በድንጋይ ያውጣልኝ» አሉ። እንዲሁም አደረግሁ። ከጠራቢው ጋራ ሆነን፥ ያን ቅርጽ ፊት ለፊት አቁመን ጥቁሩን ድንጋይ በአምሳሉ አወጣነው። ኪሳራው የእኔ ሆነ፤ የቤት ኪራዬንም ለመክፈል ሌላ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ድንጋዩን ለመሸከም አራት ሰው አስፈለገ፤ በዚያን ቀን ያቃሰትነው ማቃሰት እውነተኛ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው አሳቤ «እንግዲህ አስመስሎ መሥራት ሁሉ ኃጢአት ነው» የሚል ነበር። አሳቡ ግን ስሕተት መሆኑን ያስተማሩኝ የገዛ አባቶቻችን ሥራዎች ናቸው። የአክሱምን ሐውልት ተመልከት። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ ወስደውት፥ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና የቆመው ሐውልት፥ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ሆኖ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ነገር ግን ከግርጌው በር ተቀርጾበታል፤ በሩም አይከፈትም። ከበሩ በላይ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ ይመስላል፤ መስኮቶችም አሉት፤ ማንም ግን በእነዚያ መስኮቶች አሻግሮ አይቶ አያውቅም። የእንጨት ምሰሶ ጫፍ የሚመስለውም ክቡ ቅርጽ ድንጋይ ነው። እንግዲህ ድንጋይ የእንጨትንና የቤትን መልክ ለብሶ ቆሟል። ወደ ላስታም ብትሄድ፥ በይምርሐነ ክርስቶስ እንጨትና ግንብ እየተፈራረቁ በእውነት የተሠራውን ግድግዳ፥ በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ በአምሳሉ ታገኘዋለህ። በዚያ እንጨት የነበረው በዚህ አለት ሆኗል።

ታዲያ የአክሱምና የላሊበላ ጠራቢዎች አታላዮች ነበሩን? አልነበሩም። ሐውልቱን ያሠራው ንጉሥ ድንጋይ ማሠራቱን ያውቅ ነበር፤ የጠረበውም፥ የጎተተውም፥ ቆሞ ያየውም ያውቅ ነበር። በዚያ በር ልግባ ብሎ ግንባሩን የመታ መንገደኛ አልነበረም። ድንጋዩ ቤት መሰለ እንጂ፥ ቤት ነኝ ብሎ የማንንም ኪራይ አልተቀበለም። ስለዚህ መምሰል የዕቃ ጠባይ ነው፤ ማታለል ግን የሰው ሥራ ነው። ፖሊዩሬቴኑ በአርዲቦ ዳር አልዋሸም፤ እንዲያውም ውሃ ሲነካው ወዲያው ተንሳፍፎ እውነቱን ተናገረ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ምናልባት አንተም እኔ ለሕሊናዬ የሰጠሁትን መልስ ትሰጠኝ ይሆናል። «ዕቃው እስካልተበላሸ ድረስ ገዢው ምን ተጎዳ?» ትል ይሆናል። ይህ መልስ ብዙዎችን የጣለ ነውና በጥንቃቄ እንመርምረው። ሰው ሲገዛ የሚገዛው የዕቃውን ጥቅም ብቻ አይደለም፤ ምርጫውንም ይገዛል። እኒያ አባት የፈለጉት ለልጃቸው የሚከፍሉት የክብደት ዋጋ ነበር። እኔ በቀላል ነገር ስለውጠው ከእጃቸው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመምረጥን ሥልጣን ወሰድሁ። ስለ እሳቸው እኔ መረጥሁ፤ የመረጥሁትም ለእኔ የሚስማማውን ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው የአገራችን ተረት የሚወቅሰው የጠጠሩን መጥፎነት አይደለም፤ ጠጠር በቦታው መልካም ነው፤ የሚወቅሰው መለወጡን ነው።

ሁለተኛው ክርክር ደግሞ እንዲህ የሚል ነው፤ «ለቴአትር ከዚሁ ፎም አለት ትሠራለህ፤ ተመልካቹንም አለት አይደለም ብለህ አትነግረውም። ይህስ?» ለዚህ መልሱ ቅርብ ነው። መድረኩ ራሱ ይናገራል። ተመልካቹ ትኬት ሲቆርጥ ንጉሡ ንጉሥ፥ አለቱም አለት እንዳልሆነ ተስማምቶ ነው የሚገባው፤ የሚደሰተውም በመስማማቱ ነው። የሆቴል ባለቤት ዋንዛ የመሰለ ታፔላ በዩሬቴን ቢያሠራ፥ ባለቤቱ እስካወቀ ድረስ ጥፋት የለበትም፤ እንግዳው የሚከፍለው ለአልጋውና ለምግቡ ነው እንጂ ለታፔላው አይደለምና። ነገር ግን ያው ሰው ያንኑ ሰሌዳ አስረጅቶ፥ በጢስ አጥቁሮ፥ «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ቅርስ ነው» ብሎ ለመንገደኛ ቢሸጠው ሌባ ነው። ዕቃው አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል።

እንግዲህ መለያው ይህ ነው፤ የተቀበለው ሰው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ያንኑ ያደርግ ነበርን? አዎን የሚል ከሆነ መምሰል ነው፤ የለም የሚል ከሆነ ማታለል ነው። ሕሊናህ በዚህ ጥያቄ ላይ መልስ ለመስጠት ከዘገየች፥ መዘግየቷን እንደ መልስ ቍጠረው።

ይህን መለያ መያዝ ያለ ዋጋ አይደለም። ነገ ከአንድ ሥራ ቤት ተቀጥረህ፥ «ዝም በል፤ ደንበኛው አይጠይቅም» የሚል አለቃ ይገጥምህ ይሆናል። በዚያን ጊዜ እንጀራህና እውነትህ በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ጀግና ሁን ማለት በወንበር ላይ ለተቀመጠ መካሪ ቀላል ነው። እኔ የምልህ ይህን ያህል ብቻ ነው፤ አስቀድመህ ለአለቃህ ለብቻው ንገረው፤ ብዙ ሰው የሚያጠፋው በክፋት ሳይሆን የሚከለክለው በማጣት ነው። እምቢ ካለህ ሌላ ሥራ ፈልግ፤ እስክታገኝ ድረስ ግን ደንበኛው ሲጠይቅህ ሐሰት አትመልስ። እኔ ራሴ እውነቱን በመናገሬ ያጣኋቸው ደንበኞች አሉ። ከእነርሱም ጥቂቶቹ ተመልሰው መጥተዋል፤ ብዙዎቹ ግን አልተመለሱም። እውነት ሁልጊዜ ትርፍ ታመጣለች ብዬ ብነግርህ፥ ይህንንም ድርሰት በአሸዋና በቀለም ሸፍኜ ሸጥሁልህ ማለት ነው።

እውነት የሚገባው ለገዢው ብቻም አይደለም። በዚያ ሥራ ከአዛውንቱ ይልቅ የበደልሁት ረዳቴን ይመስለኛል። ሰሌዳው ሲሞረድ የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ለሳንባ ክፉ ስለ ሆነ አፍና አፍንጫን መሸፈን ያሻል፤ እኔ ግን መሸፈኛውን ራሴ እያደረግሁ ለእርሱ አልገዛሁለትም ነበር። ነጩን ስታይሮፎም በጋለ ሽቦ እንደሚቆርጡት ይህንም ለመቁረጥ ሲሞክር አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ይህኛው ግን አይቀልጥም፥ ይቃጠላል እንጂ፤ ጢሱም መርዝ ነው። የመጨረሻውና የባሰው በደሌ ግን ወገቡን እንዲያጎብጥ ማስተማሬ ነው። ሳንባ ቢታመም ሐኪም ያየዋል፤ ከጌታው ውሸት የተማረን ልጅ ግን ማን ያየዋል? በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም አፍሮ ዝም አለ። ዛሬ የራሱ ሥራ ቤት አለው፤ ለደንበኞቹ የሰሌዳውን ጀርባ ሲያሳይ ያየሁት ቀን በሥራ ዘመኔ ከተደሰትሁባቸው ቀኖች አንዱ ነው።

እኔም ያን ቅርጽ አልጣልሁትም። በሥራ ቤቴ በር አጠገብ፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ፥ ያልተቀባውን ቢጫ ጀርባውን ወደ ሰው አዙሬ አቁሜዋለሁ። የሚመጣ ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም አንሥቼ በአንድ እጄ እሰጠዋለሁ። ክብደቱን በገዛ እጁ ከመዘነ በኋላ ገበያችንን እንጀምራለን።

ያ ልጁ የወረወረው ቁራጭስ? በዚያን ቀን ሁሉ ካለቀ በኋላ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ አወጣሁት። እንጨት ቢሆን በስብሶ አፈር በሆነ ነበር፤ ይህ ግን አይበሰብስም፥ ተመልሶም አይቀልጥም። የአርዲቦ ውሃ ደግሞ በዚያው አይቀርም፤ በወንዝ ቁልቁል ወርዶ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል። ከላይ ያለው የጣለውን ከታች ያለው ያገኘዋል። ሰውም በሥራው እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በእኔ እጅ የተጣለች ትንሽ ሐሰት ነገ በማላውቀው ሰው ደጃፍ ተንሳፍፋ ትገኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ሳይጠብቅ፥ ገና ውሃው ከጉልበት ሳያልፍ ገብቶ የጣለውን ያነሣ ሰው ብፁዕ ነው።